ቴፑን ሳያስፈቅዱ ውሃ አይቀዳም

«የኛዋ ጉድ እኮ ቴፑን ሳታስፈቅድ ውሃ አትቀዳም!» አለች ወይዘሮ ውቢት፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች። ኑኃሚን ገና የሳሎኑን ደፍ መርገጧ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ጨዋታው ለእንግዳ እንደሚቀርብ ቆሎ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት። ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ውቢት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ሠራተኛዋ ፋንታዬ ሸበጧን በር ላይ አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ምንጣፉ ላይ ቆማ፣ የባሏን የጋሽ ወልደየሱስን ቴፕ ከፍታ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ትደርስባታለች። ዘፈን የለ፣ ዜና የለ፤ ቴፑ ብቻውን ያጉረመርማል፣ እሷ ታዳምጣለች። ምን እያደረግሽ ነው ስትባል «እሱን ሰምቼ ነው ውሃ የምቀዳው» ብላ እርፍ። ይህችው ቃል ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሦስት ጎረቤትና አንድ የማኅበር ጽዋ አዳርሳለች። ቴፑን ያበላሸችውም እሷ መሆኗ በዚያው ተረጋገጠ። ማጉረምረም የጀመረው በኅዳር፣ ፋንታዬ የተያዘችው በየካቲት መሆኑን ያሰላ ሰው በቤቱ አልተገኘም። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ ዛሬ ትሰናበታለች። ዛሬ ሲባል ግን ጠዋት አይደለም። ለምሳ ሦስት እንግዶች ስለሚመጡ፣ ዓሣውን ጠብሳ፣ እጅ አስታጥባ፣ ሰሃኑን አጥባ ደርድራ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትባረረው። ኑኃሚን እንዲህ ሰዓቱን አክብሮ የሚጠብቅ ቁጣ በሌላ ቤት አይታ አታውቅም። ቢሆንም ሳቀች። የአክስቷ ጨዋታ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይሳቅለት አልፎ አያውቅምና፣ ሳቀች።

ሳሎኑ እንደ ድሮው ነው። ሶፋው ላይ ያው በእጅ የተሠራ ዳንቴል፣ ግድግዳው ላይ የጋብቻ ፎቶ፣ ከጋብቻ ፎቶው ጎን ደግሞ ከሱ በእጥፍ በሚበልጥ ፍሬም የልጃቸው የዘሚካኤል የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪ። ኑኃሚን እናቷ ከሞተች በኋላ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ እስከ አሥራ ስምንት በዚህ ግቢ አድጋለች፤ በዚህ ሳሎን ግን አይደለም። ያደገችው ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት፣ አሁን ፋንታዬ በምትተኛበት ክፍል ነው። ዛሬ ሲቀላ ገበያ ጀርባ፣ በአቡበከር የመለዋወጫ ሱቅ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ የብየዳ ካውያና የራሷ የሆነ ስም አላት። ከላንቴና ከጫኖ የሚመጡ ሙዝ ነጋዴዎች ሬዲዮናቸውን ይዘው «ያቺ ልጅ አለች?» ብለው ነው የሚጠይቁት። እዚህ ቤት ግን ቴፑ ከታመመ ጀምሮ ሦስተኛ ሆና ነው የተጠራችው። መጀመሪያ ዘሚካኤል አየውና «ስፒከሩ አርጅቷል፣ ውስጡንም ሰው ነካክቶታል» አለ። ቀጥሎ አንድ የሴቻ ሰፈር ጠጋኝ ትራንስፎርመሩ ነው ብሎ ስምንት መቶ ብር ጠራ። ስምንት መቶ ብር ሲጠራ ነው የእኅት ልጅ መኖሯ ትዝ ያላቸው።

«ከስተሻል አይደል?» አለች አክስቷ።

«አልከሳሁም።»

«ሥራስ?»

«ደኅና ነው።»

ጥያቄው በዚሁ አለቀ። የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ባለፈው ክረምት በወባ ተኝታ በነበረ ጊዜ ማን ውሃ እንዳቀበላት የጠየቀ የለም። እሷም አልተናገረችም። በዚህ ቤት ዝምታ እንደ ዳንቴሉ ነው፤ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ሁሉ ነገር ላይ ተነጥፎበታል።

ጋሽ ወልደየሱስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከመኝታ ቤት ወጣ። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ከጎጃም ተሹሞ ሲመጣ ይዞት የመጣው ኩራት ግን ገና ጡረታ አልወጣም። አምፕሊፋየሩን ያኔ ከአሥመራ በወታደር ካሚዮን አስጭኖ ነው ያመጣው፤ ጃፓን የሠራው፣ ፊቱ ብር የሚመስል፣ ሲነኩት ቀዝቃዛና ከባድ። ከሱ ጋር የካሴት ማጫወቻው፣ የዲሹ ሪሲቨርና ቁመታቸው ደረት የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች አሉ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ ቴፕ ይለዋል። የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ በዓመት አንዴ እየመጡ የድሮ ዘፈን የሚሰሙበት ቀን ነው ዛሬ። «በሰባት ሰዓት ይደርሳሉ። ይኼን ጉርምርምታ ብቻ አጥፊልኝ፤ ሌላ ነገር እንዳትነኪ» አላት። ደኅና አደርሽ አላለም።

ኑኃሚን ተንበርክካ ሥራዋን ጀመረች። ቴፑን ስትከፍተው ድምፁ መጣ፤ ወፍራም፣ እኩል፣ የማያቋርጥ «እምምም»፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ከጫሞ ሐይቅ ወዲያ እንደሚሰማ ነጎድጓድ፣ ግን የማይዘንብ። የድምፁን ማዞሪያ ብትቀንሰው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የካሴት ማጫወቻውን ጃክ ነቀለች፤ አልተለወጠም። የሪሲቨሩን ነቀለች፤ ጠፋ። መለሰችው፤ ተመለሰ። ሪሲቨሩን ለብቻው ሞከረች፤ ጤነኛ ነው። ይኼኔ ትንሽ ደስ አላት፤ ስፒከሩም ጤነኛ፣ ትራንስፎርመሩም ጤነኛ፣ ውስጡንም የነካው ሰው የለም። ዲግሪውም ስምንት መቶ ብሩም ተሳስተዋል። ክዳኑን ልትከፍት ካቻቢቴዋን ስታነሳ ግን ምንም ሳትነካ ድምፁ በራሱ ቀጥ አለ። ጠበቀች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እንደሄደው ሁሉ በራሱ ተመለሰ። ኑኃሚን እንደዚህ ያለ ብልሽት ታውቃለች፣ ትጠላዋለችም። የተሰበረ ነገር ተሰብሮ ይቆያል፤ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ግን መሣሪያው ውስጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚልከው አለ። የወጥ ቤቱን ፍሪጅ ነቅላ ሞከረች፤ እሱ አይደለም።

«እንዴት ነሽ ኢንጂነር?» አለ ከኋላዋ ዘሚካኤል። በቁምጣ ሆኖ በስቴኪኒ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«እኔስ ደኅና ነኝ። ዲግሪው እንዴት ነው? ከግድግዳ አልወረደም?»

«እሱ ይወርዳል፤ የመንግሥት ሥራ ነው የማይገኘው» አለና ሳቀ። ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ዲፕ ፍሪዝ አስገብቶ፣ ከጫሞ አጥማጆች ዓሣ እየሰበሰበ ለሆቴሎች ያቀርባል። ኪሎውን በሠላሳ አምስት ብር እንደሚሸጥ፣ ሰሞኑን ግን ዓሣው ቶሎ ቶሎ እየለሰለሰ እንዳስቸገረው ነገራት። «ያቺ ሴትዮ ክዳኑን እየከፈተች ነው። እዚያው ስለምትተኛ ሲሞቃት ሳትከፍተው አትቀርም።» ቴፑም ዓሣውም የፋንታዬ ጥፋት ከሆነ የየካቲት ሙቀትም የእሷ ሳይሆን አይቀርም። ፊቷን መልሳ ከአምፕሊፋየሩ በስተጀርባ እጇን ሰደደች፤ ጣቶቿም አንዲት ቀጭን ሽቦ አገኙ።

አረንጓዴ ሽቦ ናት። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለች ብሎን ተነሥታ፣ በምንጣፉ ሥር አልፋ፣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር በሚያልፈው የብረት ውሃ ቧንቧ ላይ ተጠምጥማለች። ኑኃሚን ጥምጣሙን ስታይ አወቀችው፤ የራሷ እጅ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ እያለ፣ ጋሽ ወልደየሱስ ቴፑን ሲነካው ስለሚቆነጥጠው «ሬዲዮ መሬት ይፈልጋል» ብሎ አዝዟት ያሰረቻት ናት፤ ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ መሬቱን ከውሃ ቧንቧ ነበር የሚያገኘው። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ተቀምጣ አሁን ለምን ትጮሃለች? መጠየቅ የነበረባት ይኼን ነበር። መሬት የተባለ ሽቦ ድምፅ አያመጣም፤ ካመጣ የታመመው መሬቱ ነው። ይኼን ለአቡበከር ደንበኞች ስንት ጊዜ ተናግራለች። ነገር ግን ዘሚካኤል ስቴኪኒውን እያኘከ ከበላይዋ ቆሟል፤ ሰዓቱም ስድስት ተኩል ሆኗል። ብሎኑን አላላች፣ ሽቦዋን መዘዘች። ጉርምርምታው በቢላ እንደተቆረጠ ጠፋ።

«አሁን ገና!» አለ ጋሽ ወልደየሱስ። ካሴት ከተተ፤ ማሲንቆው ጥርት ብሎ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ከሰማ በኋላ ወደ ሚስቱ ዞረና «አየሽ፣ ከዘሚ ጋር ማደጓ ጠቅሟታል። እሱ ሲያጠና አጠገቡ ሆና ስትሰማ ነው የቀሰመችው» አላት። ኑኃሚን ፒንሳዋን ኪሷ እየከተተች ነበር። ዘሚካኤል ሲያጠና እሷ የዘሚካኤልን ካልሲ ታጥብ ነበር። ከደጅ የመኪና ጥሩምባ የተሰማ ሲመስለው ጋሽ ወልደየሱስ ካሴቱን አጥፍቶ ወደ በር ወጣ፤ አክስቷ ጌጧን ልታደርግ መኝታ ቤት ገባች፤ ዘሚካኤልም ልብሱን ሊለብስ ሄደ። ኑኃሚን ከስፒከሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴዋን ሽቦ በክርኗና በአውራ ጣቷ መካከል ትጠቀልል ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ፋንታዬ የገባችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ዶርዜ ለእናቷ ትታ የመጣች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አረማመዷ የማይሰማ። ኑኃሚንን አላየቻትም። እንደ ልማዷ ሸበጧን በር ላይ አውልቃ፣ በእጇ ባልዲ እንደያዘች፣ ወደ ቴፑ ሄዳ ቁልፉን ጫን አደረገችና ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች፤ ቀጥሎ ግንባሯ ተፈታ። «ዝም ብሏል» አለች ለራሷ፣ ጋኑ ሞልቶ እንደጠበቃት ሰው። ቴፑን አጥፍታ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች። ኑኃሚን ጨዋታውን በዓይኗ በማየቷ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ ከከንፈሯ ሳይወርድ ዓይኗ ዝቅ አለ። እጇ ላይ የተጠቀለለችውን ሽቦ አየች። ሽቦዋ ቧንቧው ላይ ታስራ ነበር። ሴትዮዋ የሄደችው ወደ ቧንቧው ነው። የሚመጣና የሚሄድ ነገር። ከውጭ የሚልከው አለ።

«እትዬ ፋንታዬ! እንዳትነኪው!» እያለች በጓሮ በር ስትወጣ ባልዲው ሲሚንቶ ላይ ሲንከባለል ሰማች። ፋንታዬ ውሃ ባቆረው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ቀኝ እጇ የቧንቧውን አንገት ጨብጦ፣ አልለቅም ብሎ፣ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ኑኃሚን እጇን ሰድዳ ልትይዛት ደርሳ ራሷን ገታች። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አነሣችና በእንጨቱ የእጇን አንጓ ከሥር ወደ ላይ መታቻት። እጁ ለቀቀ፤ ፋንታዬ በጀርባዋ ወደቀች። ለጥቂት ጊዜ አልተነፈሰችም። ከዚያ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚሳብ ውሃ ትንፋሿ እየጎተተ መጣ። መዳፏ ላይ ነጭ ሰንበር ተጋድሟል። ኑኃሚንን ስታይ ያለቻት ነገር ይኼ ነው፤ «ዝም ብሎ ነበርኮ። ዛሬ ዝም ብሎ ነከሰኝ።»

«ምን ሆነች? ሳሙና ረግጣ ነው!» አለች ወይዘሮ ውቢት ከበሩ ላይ፣ አንድ ጆሮዋ ጉትቻ አድርጎ አንዱ ባዶውን። ጋሽ ወልደየሱስና ዘሚካኤልም ተከትለዋት ወጡ። ኑኃሚን የኮረንቲ መፈተሻ ቴስተሯን ከኪሷ አውጥታ ቧንቧው ላይ ስታስነካው ትንሿ መብራት ቀይ ሆና በራች። ከዚያ የብረት ቧንቧውን ተከትላ ሄደች፤ በአጥሩ ሥር፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ጀርባ። ዲፕ ፍሪዙ ከግድግዳው ወዲያ እየተንገፈገፈ ይሠራል። በመስኮቱ ሁለት ሽቦ ወጥቷል። አንደኛው ከትልቁ ቤት ይመጣል። ሁለተኛው ቧንቧው ላይ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ጥቅልሉ የተማረ ሰው እጅ ነው፣ ጠርዙ እንኳ በምላጭ ተስተካክሏል።

ነገሩ ለማንም የሚገባ ነው። ኮረንቲ በአንድ ሽቦ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። መመለሻውን ሽቦ አይጥ በልቶታል። አዲስ ሽቦ ገዝቶ እንደመዘርጋት፣ ዘሚካኤል መመለሻውን በውሃ ቧንቧው አደረገው። ድሮ ቢሆን ቧንቧው እስከ መንገድ ድረስ ብረት ስለነበረ መሬቱ ውጦ ያስቀረው ነበር፤ አምና ግን ከመንገድ የሚገባው መስመር በጥቁር ፕላስቲክ ተቀይሯል። መሬቱም በየካቲት ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ዲፕ ፍሪዙ በተነሣ ቁጥር ኮረንቲው ግቢ ውስጥ በቀረው ብረት ላይ ይከማቻል፤ መውጫ ሲያገኝ ይወጣል፤ በእርጥብ እጅም ቢሆን፣ በአረንጓዴ ሽቦም ቢሆን። ቴፑን የሚያስጮኸው እሱ ነበር፤ ዓሣውም የሚለሰልሰው ዲፕ ፍሪዙ በቂ ኮረንቲ ስላጣ ነበር። አረንጓዴዋ ሽቦ ጥቂቱን በቴፑ በኩል ወደ ዲሹ ምሰሶ እየወሰደች ታቀልል ነበር፤ ኑኃሚን ዛሬ እሷንም ፈታቻት። መልቲሜትሯን ቧንቧውና እርጥቡ መሬት መካከል ስትሰካው ሰባ ቮልት አሳያት። የፋንታዬን ማስጠንቀቂያ አጥፍታ፣ ንክሻውን ጨምራ፣ ለዚህም ተመስግናለች።

ስትመለስ ፋንታዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መዳፏን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ነበር። ኑኃሚን አጠገቧ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኅዳር ነው። ውሃ ይነክሳል ብዬ ተናግሬ ነበር። እትዬ ቁርጥማት ነው አለኝ፣ ቅባት ሰጠኝ። ጋሼ ጫማ አድርጎ ነካውና ምንም የለውም አለ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንዳንዴ ይነክሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ውሸታም አሉኝ። በኋላ አቧራ ስጠርግ ሰማሁት። እሱ ሲጮህ ውሃው ይነክሳል። እሱ ዝም ሲል ውሃውም ዝም ይላል። ከዚያ ወዲህ እሱን ሳልሰማ አልነካም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፤ እጄ ነው ያስተማረኝ።»

ኑኃሚን ቀና ብላ አክስቷን፣ ጋሽ ወልደየሱስንና ዘሚካኤልን አየቻቸው። አንድ ባለ ዲግሪ፣ አንድ የሴቻ ጠጋኝና አንዲት ከሲቀላ የመጣች ትምክህተኛ ያላገኙትን ብልሽት ይህች ሴት በሁለት ወር ውስጥ በመዳፏ አግኝታ፣ ሕጉን አውጥታ፣ በሕጉ ስትኖር ነበር። ነግራቸዋለችም። እነሱ ግን ቃሏን ወስደው ለጎረቤት ጨዋታ አደረጉት። በዚህ ቤት ከእሷ በቀር ቧንቧ የሚነካ ሰው የለም፤ ሌላው ሁሉ ከበርሜሉ ነው የሚጨልፈው። በርሜሉ ራሱን የሚሞላ ይመስላቸዋል።

«መሬትና መመለሻው፣ ኒውትራሉ፣ አንድ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሄደው ይገናኛሉ» አለ ዘሚካኤል ማንም ሳይጠይቀው። «አንቺ የላይ የላዩን ነው የምታውቂው። ትንሽ ሊነዝር ይችላል እንጂ አይገድልም።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«ትንሽ አልኩሽ እኮ!»

«እንግዲያው ጫማህን አውልቅና እጅህን ታጠብ።» ወደ ቧንቧው አመለከተች። «ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ። እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ታጠብ። እናትህም ትይህ፣ አባትህም ይይህ።»

ዘሚካኤል ቧንቧውን አየ። ከቧንቧው አፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቆይታ ወደቀች። እናቱ እሱን ታየዋለች፣ አባቱ ሰዓቱን ያያል። ከግድግዳው ወዲያ ዲፕ ፍሪዙ እየተንገፈገፈ ነው። ዘሚካኤል ጫማውን አላወለቀም። ወይዘሮ ውቢት ከልጇ እግር ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ፋንታዬ መዳፍ ስታይ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ኑኃሚን አይታለች፤ ቶሎ ሸፈነችው እንጂ።

ኑኃሚን ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ሰርቪስ ቤቱ ገብታ የዲፕ ፍሪዙን ስፒና ነቀለች፤ ከኋላ ዞራ ያን ያማረ ጥቅልል በፒንሳዋ ከሥሩ ቆረጠችው።

«አርባ ኪሎ ዓሣ አለ እዚያ ውስጥ!» ጮኸ ዘሚካኤል። «ስትወጪ መልሼ እንደምቀጥለው እወቂ!»

«ቀጥለው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧውን የምትነካው እናትህ መሆኗን እያሰብክ ቀጥለው።»

ሳሎን ገብታ ተንበረከከችና አረንጓዴዋን ሽቦ ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ በቧንቧው ላይ ጠመጠመቻት፣ ብሎኑን አጠበቀች። ጋሽ ወልደየሱስ ከኋላዋ ቆሞ «ምን እያደረግሽ ነው? ጉርምርምታውን ልትመልሺብኝ ነው?» አላት። ቴፑን ከፈተችለት። ዝም ብሏል። «የሚመለሰው ልጅህ ያን ሽቦ የቀጠለ ቀን ብቻ ነው ጋሼ። ይኼ ነገር ከጮኸ ቧንቧውን እንዳትነኩ። ይቺን ሽቦ የፈታ ግን ምንም አይሰማም፤ እኔ ዛሬ ፈትቼ አየሁት።» ጋሽ ወልደየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቤተሰብ ነገር በቤተሰብ ይቅር። ሰዎቹ መድረሳቸው ነው።»

በጓሮ በኩል ወይዘሮ ውቢት ፋንታዬ ፊት ቆማለች። ሁለተኛውን ጉትቻ አድርጋለች። «በይ በቃ፣ ተነሺ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ የትም አትሄጂም፣ ሥራሽን ቀጥዪ» አለቻት፣ ድምፅዋን አለስልሳ። ኑኃሚን በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተናዳለች፤ ይቅርታን ሰምታ እንደዚህ የተናደደችበት ቀን ግን አልነበረም። ልትናገር ስትል ፋንታዬ ቀደመቻት። በደኅናው እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፣ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «ዓሣው ተጠብሷል። ድስቱ ተከድኗል። የእጅ ውሃ ግን አልቀዳሁም» አለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ አንዲት ፌስታልና አንድ የዶርዜ ጋቢ ይዛ ወጣች። ሸበጧ ግን ገና ሳሎኑ በር ላይ ነው። ሄዳ አጠለቀችው፤ በፊት ለፊቱ በር፣ በምንጣፉ ላይ፣ ሸበጧን እንዳደረገች አልፋ ወጣች። ወይዘሮ ውቢት ምንጣፉን አየች።

ግቢው በር ላይ ከሦስቱ እንግዶች ጋር ተላለፉ። ሸምገል ያሉ፣ ከነኮታቸው ያላባቸው፣ ላስቲክ ሙሉ የጫኖ ማንጎ የያዙ ሰዎች ናቸው። «እንዴት ዋላችሁ ልጆች» ብለው አለፉ። ኑኃሚን የፋንታዬን ፌስታል ተቀብላ ከመሣሪያ ቦርሳዋ ጋር ባንድ ትከሻ አደረገችው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው መዳፉ ይታያል፤ ከዚያ ሚኒባስ ይዘው ሲቀላ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለቱም አላወቁትም። «እትዬ ፋንታዬ፣ ጠዋት እኔም ስቄብሽ ነበር» አለቻት። ፋንታዬ አጥሩን ይዛ ትንሽ ልታርፍ ቆም አለች።

ከአጥሩ ወዲያ ካሴቱ ተከፍቷል፤ ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይሰማል። ወንበር ሲሳብ፣ ሰዎች ሲቀመጡ፣ አንዱ «እጃችንን እንታጠብና ዓሣውን እንየው» ሲል ተሰማ። ከዚያ የወይዘሮ ውቢት ጫማ በጓሮው ሲሚንቶ ላይ ኳ ኳ እያለ መጣና ከቧንቧው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ማስታጠቢያው ከብረት ጋር ሲጋጭ አልተሰማም። ውሃ ሲወርድም አልተሰማም። ዘሚካኤል አሁን የት ነው? ከእንግዶቹ ጋር ነው ወይስ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ? ኑኃሚን አታውቅም። እናቱም እንደማታውቅ ከዝምታዋ ርዝመት ገባት።

«ወልዴ!» ብላ ተጣራች በመጨረሻ ወይዘሮ ውቢት፣ እንግዳ እንዳይሰማ አፍና፣ ባልየው እንዲሰማ ደግሞ ከፍ አድርጋ። «ወልዴ! እስቲ ዘፈኑን አጥፋና ስማልኝ። ቴፑ ዝም ብሏል?»

ማሲንቆው ቀጥ አለ።